ዘመድ ያልደረሰለት ሬሳ፤ በሕክምና ቤተ መዘክርና በዋሻ ለዕይታ ስለሚቀርቡ አስከሬኖች የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ፣ የሐኪሞች ኮሌጅ የሚያስተዳድረው ሙተር የሚባል የሕክምና ቤተ መዘክር አለ። ከ1863 ጀምሮ ለተመልካች ክፍት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ስንጠቅስ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ግን «ዓ.ም.» ብለን በእኛው እንጽፋለን።) በዚያ ቤት አንዲት ሴት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድማ ትታያለች። አፏ እንደ ተከፈተ ቀርቷል። ስሟን የሚያውቅ ስለሌለ «የሳሙናዋ እመቤት» ይሏታል።

ይህ ስም እንዲያው ለቀልድ የወጣ አይደለም። እርጥበት ባለውና አየር እንደ ልብ በማይገባው መሬት የተቀበረ ሬሳ፣ ሁኔታው ሲገጥምለት፣ እንደ ሌላው ሬሳ አይፈርስም። ስቡ በውሃ ኃይል ተበትኖ ወደ ስብ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም በአፈሩና በገላው ውስጥ ካሉት ካልሲየምን ከመሳሰሉ ማዕድናት ጋር ሲዋሐድ ሳሙና የሚመስል ጠጣር ነገር ይሆንና የሰውዬውን ቅርጽ እንደ ያዘ ይቀራል። ማንም መድኃኒት አልቀባውም፤ ማንም አልገነዘውም፤ መሬቱ ብቻውን የሠራው ሥራ ነው። ሐኪሞች በዚህ መደነቃቸው አያስወቅሳቸውም። እኛም ሥዕሉን አይተን፣ የተጻፈውንም አንብበን ተደንቀናል። ቤቱን ግን በዓይናችን አላየነውም፤ ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ይህን ሒስ እንድንጽፍ ያነሣሣን የሳሙናው ነገር ሳይሆን የሴትዮዋ አመጣጥ ነው። በ1875 በከተማው ውስጥ አንድ አሮጌ የመቃብር ስፍራ ሲነሣ ሁለት እንዲህ ያሉ ሬሳዎች ተገኙ፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። በዚያ ዘመን ስመ ጥር የነበረው የአካል ጥናት ሊቅ ጆሴፍ ላይዲ ሊወስዳቸው ፈለገ። ሬሳ የሚሰጠው ለዘመድ ብቻ ነው ስለ ተባለ፣ «የአያቶቼን አስከሬን ለዚህ መልእክተኛ ስጡልኝ» የሚል ወረቀት ጽፎ ጋሪ ላከ ተብሎ ይተረካል። ወንዱ በኋላ ወደ ስሚትሶንያን ተቋም ሄደ፤ ሴቲቱ በሙተር ቀረች። ላይዲ ስለ እርሷ ሲናገር ስሟ ኤለንቦገን ነው፣ የሞተችውም በ1792 በቢጫ ወባ ነው አለ። በ1940ዎቹ ነገሩን የመረመረ ሌላ ሐኪም ግን በዚያ ስም የተጠራ ሟች በከተማው መዝገብ አላገኘም፤ ታላቁ የቢጫ ወባ ወረርሽኝም የገባው በ1793 መሆኑን አስታወሰ። በ1980ዎቹ በራጅ በተነሣች ጊዜ ደግሞ የልብሷ አዝራርና መርፌ ወደ 1830ዎቹ የሚጠጋ ዘመን የሚያመለክቱ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ስሙም ዘመኑም በሽታውም ትክክል አልነበረም። ኤለንቦገን በጀርመንኛ ክርን ማለት እንደ ሆነ ስናውቅ ደግሞ ሊቁ አላግጦባት ይሆን እንዴ ብለን መጠርጠራችን አልቀረም።

እንግዲህ የዚህችን ሴት ታሪክ ልብ ብለን ስናየው፣ እዚያ ቤት ያደረሳት ሳሙና መሆኗ ብቻ አይደለም። የሚጠይቃት ዘመድ አለመገኘቱ ነው። ዘመድ ስላልተገኘም ሐሰተኛ ዘመድ ተገኘላት። በእኛ አስተያየት ይህ የአንዲት ሴት ዕድል ብቻ ሳይሆን በብዙ ስፍራ የሚደጋገም ነገር ነው፤ ተፈጥሮ ብዙ ሬሳ ታቆያለች፣ ለዕይታ የሚቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ያልደረሰለት ነው። ወደ አገራችንም ስንመለስ ይህንኑ ሐሳብ ይዘን ነው።

በአገራችን በተፈጥሮ ደርቆ የቀረ አስከሬን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ላስታ ይሄዳል። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ፣ በዛጔው ንጉሥ በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ ቆሟል። ሕንፃው እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተፈራረቀ እንደ አክሱም ዘመን ቤት የተሠራ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እናልፈዋለን። ከሕንፃው ኋላ፣ በዋሻው ውስጠኛ ጨለማ፣ የብዙ ሰዎች አስከሬን ተደራርቦ ይገኛል። አንዳንዱ አጥንት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ቆዳው በአጥንቱ ላይ እንደ ደረቀ ነው፤ የተጠቀለሉበት ጨርቅና ምንጣፍ ቁራጭም አብሮ ይታያል። የአካባቢው ትውፊት ከግብፅ፣ ከኢየሩሳሌምና ከሌላም ስፍራ የመጡ ምእመናን ናቸው፣ ቁጥራቸውም 5,740 ነው ይላል።

እዚህ የተሠራው ሥራ የፊላደልፊያው ተቃራኒ ነው። እዚያ እርጥበት አቆየ፣ እዚህ ድርቀት። ስፍራው ደጋ ነው፤ ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ይከልላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ተንቀሳቃሽ ነው። በዚህ ምክንያት የገላው ውሃ ከመበስበስ ቀድሞ ያልቃል፤ ውሃ ከሌለ ደግሞ የሚያፈርሱት ጥቃቅን ነፍሳት ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። በቋንጣ የምናውቀው ነገር ነው፤ ምሳሌው ለሰው ቢከብድም ከዚህ የቀረበ አላገኘንም።

አንባቢ ሆይ፣ በላስታ ዋሻና በፊላደልፊያ ሣጥን መካከል ምን ልዩነት አለ? በሁለቱም ቦታ ስም የለም። በሁለቱም ቦታ ተመልካች ይመጣል፤ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ወደ ዋሻው የሚዘልቀው እንግዳ በዝቷል። ልዩነቱ እንዲህ ይመስለናል። የዋሻው ሙታን በመጡበት ቦታ ናቸው፤ ማንም በጋሪ አላመጣቸውም። ትውፊቱ እውነት ከሆነም የመጡት እዚያ ለመሞት ነበርና ስፍራውን ራሳቸው መርጠውታል። ከሁሉም በላይ ከአጠገባቸው ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ስለ ሙታን የሚጸለየው ጸሎት በየዕለቱ ይደርሳል። የሥጋ ዘመድ ባይኖራቸውም በጸሎት የተዛመዳቸው አለ። ስለዚህ ዋሻውን ቤተ መዘክር ብሎ መጥራት ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ለዋሻው ያለን አክብሮት ሒሳችንን እንዲያደበዝዝ አንፈልግም። 5,740 የሚለው ቁጥር በተደጋገመ መጠን ሰውን የመርሳት መሣሪያ እየሆነ ነው። እንግዳው ቁጥሩን ይሰማል፣ ይደነቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ይሄዳል። ፎቶግራፉ ከዋሻው ሲወጣ ጸሎቱ አብሮት አይወጣም፤ በሌላ አገር የሚያየው ሰው ዘንድ ሲደርስ የላስታው ሟች ከሳሙናዋ እመቤት በምንም አይለይም። አንዳንዶች መድኃኒቱ መስታወት ነው ይላሉ። እኛ አይመስለንም። እነዚህን አስከሬኖች ያቆያቸው የሚንቀሳቀስ ደረቅ አየር ከሆነ፣ ያለ ጥናት በሣጥን ማፈን እርጥበት አጠራቅሞ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል የቆየውን በጥቂት ዓመታት ሊያበላሸው ይችላል። በእኛ አሳብ አጥር ይበቃል፤ ካሜራም ከአጥሩ ወዲህ ይቅር።

ከመስታወት ጋር ተያይዞ የጣና ሐይቁ ዳጋ እስጢፋኖስ ሊነሣ ይገባዋል። በዚያ ገዳም የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ ዐፅም እንዳለ ይነገራል፤ መስታወት ባላቸው ሣጥኖችም ይታያል። ከእነዚህ ውስጥ የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን ደርቆ ገጽታውን እንደ ያዘ መቅረቱን ያዩ ሰዎች ይናገራሉ። ይህን ማየት የሚችሉት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ደሴቱ ለሴት የተከለከለ ስለ ሆነ እኅቶቻችን በዚህ አንቀጽ የሚተማመኑት በእኛ ቃል ነው። ነገር ግን በዳጋ ቁም ነገሩ መስታወቱ አይደለም። እዚያ ሟቹ በስሙ ይጠራል፤ የሚያሳየውም መነኩሴ የሚጸልይለት ሰው ነው። መስታወቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መስታወት ሆኖ ሳለ፣ አሳዪው ለሟቹ ባለ ዕዳ የሆነበትና ያልሆነበት ቤት ግን አንድ አይደለም።

ስም መታወቁ ብቻውን እንደማይበቃ ግን የራሳችን ወሰን ይመሰክራል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱትን ጥቂት ታማኞች የመሐዲስቶቹ ጦር በአትባራ ወንዝ አካባቢ ደረሰባቸው፤ ይህ ወንዝ በእኛ በኩል ጓንግ የምንለው ነው። የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ ለሕዝብም ታየ። በዚያ ከተማ ምርኮኞች የነበሩት ኦርቫልደርና ስላቲን የተባሉት ሁለት አውሮፓውያን ይህን በየመጽሐፋቸው ጽፈውታል። እዚህ ላይ ስም አልጠፋም፤ እንዲያውም የታዩት ስማቸው ስለሚታወቅ ነው። የጠፋው በዙሪያቸው ቆሞ የሚከላከልላቸው ወገን ነው፤ የነበሩትም እዚያው አልቀዋል።

ከመተማ ጦርነት ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ፣ በ1898፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ኦምዱርማንን ያዘ። በ1885 የሞተው የመሐዲ መቃብር ፈረሰ፤ አጥንቱ ወደ ዓባይ ተጣለ፤ ራስ ቅሉ ግን ተለይቶ ቀረ። ይህ ራስ ቅል ወደ ለንደን፣ ወደ ንጉሣዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ይላካል ተብሎ ታስቦ ነበር። ይኸውም ታላቅ የሕክምና ቤተ መዘክር ያለው ተቋም ነው። ነገሩ በእንግሊዝ አገር ቁጣ ሲያስነሣና ንግሥት ቪክቶሪያም ሲቃወሙት፣ ራስ ቅሉ በዋዲ ሐልፋ በስውር ተቀበረ። የዐፄ ዮሐንስ ራስ ለሕዝብ በታየበት ከተማ የመሐዲ ራስ እንዲህ ሆነ። ይህን የምንጽፈው ብድር ተመለሰ ብለን ለመደሰት አይደለም። ሕክምና ቤተ መዘክርና የጦር ምርኮ ማሳያ አደባባይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በአካባቢያችን ስለማናውቅ ነው። ሐኪሙ «ለትምህርት ነው» ይላል፤ የጦር አለቃው «ለድል ነው» ይላል፤ ሣጥኑ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ በዚህ ላይ እንደሚከራከሩን እናውቃለን። የሰውን አካል ሳያይ ሐኪም የሆነ የለም፤ የሬሳ ምርመራ ባይኖር ኖሮ ብዙ በሽታ ሳይታወቅ በቀረ ነበር፤ የሳሙናዋ እመቤት ዘመን የታወቀውም በራጅ ነው ይሉናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በምርመራ ክፍልና በማሳያ አዳራሽ መካከል ልዩነት አለ። በምርመራ ክፍል ተማሪው ሊማር ገብቶ ይወጣል፤ ሬሳውም ቀን ሲደርስ ይቀበራል። በማሳያው አዳራሽ ግን ቀኑ አይደርስም። በለንደን የቻርልስ በርን ዐፅም ሁለት መቶ ዓመት ቆሞ ታይቷል። በርን በቁመቱ ግዙፍነት የታወቀ አይርላንዳዊ ነበር፤ ሐኪሞች እንዳያገኙት ባሕር ውስጥ ቅበሩኝ ብሎ በ1783 ሞተ፤ ወዳጆችም ነበሩት፤ ሬሳው ግን በጆን ሀንተር እጅ ገባ። ዐፅሙ ከዕይታ የተነሣው ቤተ መዘክሩ በ2023 እንደገና ሲከፈት ነው፤ ያም ሆኖ አልተቀበረም። በዚሁ በ2023 የሙተር ቤተ መዘክርም የያዛቸው አስከሬኖች እንዴት መታየት እንደሚገባቸው ሕዝብን መጠየቅ ጀመረ። መጠየቁ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባቸው ሰዎች የሉም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

አሁን ይህ ሁሉ ከሽንፋ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል።

ከመካከላችን አንዱ ያደገው በሽንፋ ነው። ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ወሰን አቅራቢያ ያለ የሰሊጥ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ብዙ ሺህ ሰው ለሥራ ይወርዳል፤ ወባና ካላዛር ከሚወርደው ሰው ብዙውን ያጠቁታል። ጓደኛችን ልጅ ሳለ በአንድ የአጨዳ ወራት አንድ ሠራተኛ በትኩሳት ሞተ። ጎጃሜው ይሉት ነበር። አቡጀዲ ተገዛ፤ መቃብር ተቆፈረ፤ ቄሱም ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ጓደኛው «ኃይለ ምናምን ይመስለኛል» አለ፤ ሌላው «አይደለም» አለ። ኪሱ ሲፈተሽ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተገኘ፤ ላብ ግማሹን አጥፍቶታል። ባለ እርሻውም የሚያውቀው ጎጃሜው የሚለውን ብቻ ነበር። በመጨረሻ ቄሱ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ፈቱት፤ አብረውት ያጨዱት ሰዎችም እንደ ወንድም አለቀሱለት። በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሱ።

ኤለንቦገንና ጎጃሜው ሁለቱም ሟቹ ራሱ ያላወጣው ስም ነው። ልዩነቱ በሽንፋ ሰዎች የማያውቁትን ሰው ዘመድ ሆነው መቅበራቸው፣ በፊላደልፊያ ግን ዘመድ ነኝ ብሎ ማስወሰዱ ነው። የቆላው ምድር ደግሞ ሬሳ አያቆይም፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ይረጥባል፣ ምስጡም ብዙ ነው። ስለዚህ ጎጃሜው በመስታወት ይገባል ብሎ የሚሰጋ የለም። ስጋታችን ሌላ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ ሽንፋ አንድ ትልቅ ጥናት አወጣ። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን በሽንፋ ወንዝ ዳር በቆፈረው ስፍራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎችን ሥራ አግኝቷል፤ የድንጋይ መሣሪያ፣ የዓሣና የአውሬ አጥንት፣ የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊት። በሱማትራ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝም በአፈሩ ውስጥ ተገኝቶ ዘመኑን ለመለየት ረድቷል። ከፍንዳታው በኋላ ድርቀቱ ሲበረታ ሰዎቹ ወንዙ በበጋ በሚተዋቸው ኩሬዎች ዓሣ ማጥመድን አብዝተዋል፤ ትንንሾቹ የድንጋይ ጫፎችም የቀስት ፍላጻ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል። ጓደኛችን ይህን ሲያነብ በዚያው ኩሬ ዓሣ ያጠመደበት የልጅነቱ ጊዜ ትዝ ብሎት ብዙ ሳቀ።

በዚያ ጽሑፍ የተዘገበው የሰዎቹ እጅ ሥራ ነው። ነገ ግን ከዚያ ወንዝ ዳር የሰው ዐፅም ቢወጣ ምን ይደረጋል? ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ይህ ለጥበቃውና ለምርመራው ግድ ሊሆን ይችላል፤ አንቃወመውም። ከዚያ በኋላስ? ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህላት፤ ለእርሷ ተዝካር ያወጣ የለም፤ ያውጣ የሚልም አልሰማንም። በብሔራዊ ሙዚየም ለተመልካች የሚታየውም ቅጂዋ ነው፤ ዋናው ዐፅም በጥንቃቄ ይቀመጣል፤ በ2025 ግን ዋናው ወደ ፕራግ ሄዶ ታይቷል። የሽንፋው ሰው ግን እንደ ሉሲ አይደለም። እንደ እኛው ያለ ሰው ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ቀስት ይገትራል፣ ልጁም ሲሞትበት ሳያዝን አይቀርም። ሰው ሰው መሆኑን ትቶ ዕቃ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? አንድ ሺህ? ሰባ ሺህ? እኛ ቁጥር ለመስጠት አንደፍርም። ነገር ግን ቁጥሩን የሚወስነው ሰው ከሩቅ የመጣው ተመራማሪ ብቻ መሆን የለበትም እንላለን።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር በቅርቡ ተደርጓል፤ ለምሳሌ ይጠቅመናል። የለንደን የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ይዞት የኖረውን የዐፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ቁራጭ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መለሰ። ሲመልስም ከአስከሬናቸው ጋር በመቃብራቸው እንዲያርፍ ነው አለ። ለሳይንስ የፀጉሩ ጥቅም ምንም አልነበረም ማለት አንችልም፤ ቢሆንም ዘመድ መጥቶ ጠየቀ፤ ተሰጠ። የሽንፋው ዐፅም ዘመድ ማን ነው? መልሳችን እንደ ጎጃሜው ነው፤ አጠገቡ የተገኘው። ዐፅሙ ከመነሣቱ በፊት የሽንፋ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሼኮች፣ የጉሙዝ አባቶችም ተጠርተው ይዩት፤ ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ ይጻፍ፤ የተጻፈውም ከሣጥኑ ጋር ይሂድ። ለዕይታ ቅጂው ይበቃል። በመለያው ወረቀት ላይም የማይታወቀው ነገር አይታወቅም ተብሎ ይጻፍ እንጂ ስም አይፈጠርለት።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር አንድ ሥራ ጀምረናል። ተማሪዎች በክረምት ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ በቀያቸው እንግዳ ሰው ሲሞት ማን እንደሚገንዘው፣ በማን መቃብር እንደሚያርፍ፣ ስሙ ሳይታወቅ ሲቀር ቄሱ ወይም ሼኩ ምን እንደሚሉ፣ ወጪውንም ማን እንደሚችል ጠይቀው እንዲጽፉልን እንለምናለን። ከመተማ፣ ከቋራና ከሑመራ በኩል የሚመጣውን በተለይ እንፈልገዋለን። የሽንፋውን ጓደኛችን ጽፎ አስረክቧል፤ የቄሱን ቃል እንዳለ አስቀምጦታል፤ የወረቀቱንም ቁጥር፣ ላብ ያላጠፋውን ግማሽ፣ አሁንም ያስታውሰዋል።